ቧንቧውም ግፊት አለበት

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ከባጃጅ ወርጄ ስሄድ፣ መንገድ ዳር ቦይ የቆፈሩ ሠራተኞች ጥቁር የፕላስቲክ ቧንቧ ሲገጣጥሙ ደረስኩ። የጋለ ብረት መሃል ያስገቡና የሁለቱን ቧንቧ ጫፍ ያስነኩታል። ጫፉ ሲለሰልስ ብረቱን ላፍ አድርገው ያወጡትና አንዱን ከአንዱ ይጫኑታል። ሽታው ይሰነፍጣል። መንገደኛው ሁሉ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን እየያዘ ያልፋል፤ እኔ ግን ቆሜ አሸተትኩ። አንደኛው ሠራተኛ ቀና ብሎ፣

"እህት፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?" አለኝ።

አፍሬ "ምንም" አልኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ሽታው ግን እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ለእኔ ያ ሽታ የጋሽ ሰይድ ሽታ ነው። አምስተኛ ክፍል የነበርኩበት በጋ፣ ቧንቧችን እሑድ እሑድ እየፈነዳ ያስቸገረበት በጋ ሽታ ነው።

ሰፈራችን ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ወገብ ላይ ናት። ምንጩ ከላይ፣ ከገደሉ ሥር ይፈልቃል። ከምንጩ አጠገብ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ አለ። ከእሱ የሚነሳው ቧንቧ ቁልቁል ወርዶ መጀመሪያ የላይ ሰፈርን ቦኖ፣ መጨረሻ ላይ የእኛን የታች ሰፈርን ቦኖ ያጠጣል። ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት እናቶቻችን ወንዝ ይወርዱ ነበር። መውረዱ ቀላል ነው፤ ጄሪካን ተሸክሞ መውጣቱ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ቧንቧው ሲፈነዳ ሰፈሩ የሚበሳጨው እንደ ዋዛ አልነበረም።

ቧንቧውን የሚጠብቀው ጋሽ ሰይድ ነው። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ለቆላ የተፈጠረ ሰው ነበር፤ የእኛን ብርድ ፈጽሞ አልለመደውም። በሽርጡ ላይ ካፖርት፣ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ይደርባል። በወጣትነቱ ከውሃ ቆፋሪዎች ጋር ብዙ አገር ዞሯል። በሰፈራችን ብቸኛው ሙስሊም እሱ ስለነበር፣ በበዓል ቀን እናቴ ሥጋ ያልነካው ድስት ፈልጋ ለእሱ ለብቻው ሽሮ ትሠራለት ነበር። ማታ ማታ ማጠራቀሚያው እንዲሞላ ዋናውን ቫልቭ ይዘጋል፤ ጠዋት ወጥቶ ይከፍታል። የቫልቩ ቤት ቁልፍ በአንገቱ በተንጠለጠለ ክር ላይ ነበር።

በዚያ በጋ መጀመሪያ ላይ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ ሁለቱም ጊዜ ከእኛ ቦኖ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ አንድ ቦታ ላይ። ጋሽ ሰይድ ከሁለተኛው በኋላ ደብረ ብርሃን ሄዶ ጌጅ የሚሉትን መለኪያ ይዞ መጣ። ክብ ነው፤ መስታወት አለው፤ በውስጡ ቁጥርና ቀጭን ቀስት አለ። ቦኖው ላይ ከገጠመው በኋላ ግን ዓይኑን ቢያጨነቁርም ቁጥሩ አልታየውም። አጠገቡ ጄሪካን ይዤ ቆሜ ነበር።

"ብርቄ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?"

"አዎ።"

"ቁጥር ታነቢያለሽ?"

"አዎ።"

"ወሬስ ታበዣለሽ?"

ዝም አልኩ።

"አልሃምዱሊላህ፣ የምፈልጋት አንቺን ነው።"

ሥራዬ እንዲህ ተጀመረ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦኖው ጋ እቆማለሁ፣ ቀስቱ የቆመበትን አያለሁ፣ በደብተሬ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሰው የማያናግሩበት ሥራ ስለሆነ ደስ አለኝ። በመጀመሪያው ቀን "ሰባት" ስለው፣

"ሰባት ባር በይ" ብሎ አረመኝ።

ጻፍኩት፤ አልገባኝም። ጎረቤላ እንኳ ያኔ የነበሯት ባሮች ሁለት ናቸው፤ አባቴ በገበያ ቀን ከአንዱ ይቆያል። ሰባት ባር እንዴት አድርጎ ቧንቧ ውስጥ እንደሚገባ እያሰብኩ ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት።

"እማዬ፣ ታች ቦኖ ሰባት ባር አለ።"

እናቴ ከያዘችው ሥራ ቀና አለች። "የማን የማን ቤት?"

"ጋሽ ሰይድ ነው ያለው።"

"ሰይድ ደግሞ ባር ምን አገባው? በይ ዝም በይ፣ አባትሽ እንዳይሰማ።"

ከባር የባሰው ግን ግፊት ነው። ቤታችን ውስጥ እማማ ጽጌ የሚባሉ የአባቴ አክስት ነበሩ። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ነርሷ ክንዳቸውን በጨርቅ ጠቅልላ ጎማውን ስትጨምቅ አይቻለሁ። የእሷም ዕቃ ክብ ነው፤ መስታወት አለው፤ ቀስት አለው። ቀስቷ ወርዳ ወርዳ ስትጨርስ ነርሷ፣

"ግፊትዎ ከፍ ብሏል እማማ። ጨው ይቀንሱ። አይናደዱ" አለቻቸው።

እማማ ወዲያው "ማንም ካላናደደኝ ለምን እናደዳለሁ?" ብለው ተናደዱ።

እንግዲህ አንድ ቀን ጋሽ ሰይድን ቧንቧው ለምን እንደፈነዳ ብጠይቀው፣ "ግፊት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል" አለኝ።

"ግፊት አለበት?"

"በጣም!"

አሰብኩና ጠየቅኩት። "ጨው ይበላል እንዴ?"

እንግሊዝ ቁልፉን መሬት ጥሎ እስኪያስለው ሳቀ። እንዳፈርኩ ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠና አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

"ስሚኝ፣ የኔ ልጅ። አልተሳሳትሽም። የእማማም የቧንቧውም አንድ ነገር ነው፤ ፈሳሽ የያዘውን ግድግዳ ሲገፋ ነው። የእሳቸውን ደም የሚገፋው ልብ ነው። የዚህን ደግሞ በላዩ የቆመው ውሃ ይጫነዋል። ወደ ታች በወረድሽ ቁጥር በላይሽ ያለው ውሃ ይበዛል፣ ግፊቱም ይበዛል።"

"ማጠራቀሚያው ትልቅ ስለሆነ ነው አይደል?" አልኩት። ሰፈሩ ሁሉ የሚለው ይህንን ነበር፤ ማጠራቀሚያው ከልክ በላይ ተልቆ ቧንቧውን አስጨነቀው ይሉ ነበር።

ግቢው ወስዶ ከሥሩ የተበሳ በርሜል አሳየኝ። ቀዳዳው ላይ እንደ ጣት የቀጠነ፣ ውስጡ የሚታይ ጎማ ሰካና ጎማውን ወደ ላይ አቁሞ ያዘ።

"በርሜሉን ልሞላው ነው። ውሃው ጎማው ውስጥ እስከ የት የሚወጣ ይመስልሻል?"

በርሜሉን አየሁ፤ ጎማውን አየሁ። በርሜሉ እኔን የመሰሉ ሦስት ልጆች ይይዛል። "በላይ ይተፋዋል" አልኩ እርግጠኛ ሆኜ።

ሞላው። በጎማው ውስጥ ውሃው ወጣ፣ ወጣ፣ ከበርሜሉ ውሃ ጋር እኩል ሲሆን ቀጥ አለ። ጎማውን ወዲያና ወዲህ ቢያዘነብለውም ያው ነው፤ ከበርሜሉ እኩል። ያ ቀጭን ጎማ ያን ሁሉ ውሃ ብቻውን ቻለው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"አየሽ፣ ውሃ ስፋት አይጠይቅም። ብዛት አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቁመት ብቻ ነው። አሥር ሜትር ቁመት አንድ ባር ነው፤ ባሕርም ይሁን ሲኒ።"

"አሥር ሜትር የሚሆን ሲኒ የለም" አልኩ በለሆሳስ።

"ወሬ አታበዢም ብዬ አልነበር የመረጥኩሽ?" አለ እየሳቀ።

ሦስተኛው ፍንዳታ የመጣው በአንድ እሑድ ነው። እማማ ጽጌን ራሳቸውን ስላመማቸው ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ እሳቸውን ልጠብቅ ቀረሁ። ውሃ ጠማኝ አሉ፤ ማሰሮው ባዶ ነበር። ጣሳ ይዤ ቦኖው ጋ ስደርስ ተቆልፏል። የቦኖዋ ጠባቂም እንደ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ናት። ልመለስ ስል ዓይኔ ጌጁ ላይ አረፈ።

ቀስቱ ዘጠኝ ላይ ነበር። ዘጠኝን አይቼው አላውቅም። እያየሁት ወደ አሥር ሄደ። ቀስ እያለ አሥራ አንድን አለፈ። አሥራ ሁለትን ትንሽ አልፎ ቆመ፤ እንደ መንቀጥቀጥም አደረገው። እማማን ትቼ የመጣሁት ደብተሬን ሳልይዝ ስለነበር ቁጥሩን መሬት ላይ ባገኘሁት ከሰል እጄ ላይ ጻፍኩት። ጽፌ ሳልጨርስ ከበስተጀርባዬ መሬቱ "ጷ!" አለ። ጭቃው እንደ ድስት ፈላ፣ ከዚያ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተተኮሰ።

ባዶ ጣሳዬን ይዤ ሮጥኩ። ትዝ ይለኛል፣ ስሮጥ የነበረኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፤ ፈጥጬ ስላየሁት ተናደደ።

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ሰፈሩ በጭቃ ተጥለቅልቆ ደረሰ። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ጌታነህ፣ ድምፁ ከሸለቆ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ቧንቧው ሲዘረጋ ከማንም በላይ ድንጋይ የተሸከመ እሱ ስለሆነ ቧንቧው ሲፈነዳ የሚታመመው እንደ ልጁ ነው። ጋሽ ሰይድም ቫልቩን መልሶ ዘግቶ ከላይ በሩጫ ወረደ፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነበር።

"ሦስቱም እሑድ ነው" አለ አቶ ጌታነህ። "እሑድ ጠዋት ሁላችን የት ነን? ቤተ ክርስቲያን። ታዲያ ሰፈር ውስጥ የሚቀረው ማነው?"

ጥያቄ መሰለኝ። በልቤ መቁጠር ጀመርኩ፤ ውሾቹ፣ ዶሮዎቹ፣ እማማ፣ እኔ፣ ጋሽ ሰይድ። ማንም ባይመልስ ልመልስ አፌን ልከፍት ስል የእናቴ እጅ እጄን አጥብቆ ያዘኝ። ቀና ብዬ ፊቷን ሳየው ነው ጥያቄ አለመሆኑ የገባኝ። ሰው ሁሉ የጋሽ ሰይድን ጫማ ያይ ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከአንገቱ ክሩን አወለቀና ቁልፉን የቦኖው ሲሚንቶ ላይ አስቀመጠ።

"ገብቶኛል፣ ጌታነህ። የተበላሸውን ጠግኜ አልዩ አምባ እወርዳለሁ። ውሃችሁን እንደተሰበረ ትቼ ግን አልሄድም። እሑድ ድረስ ጊዜ ስጡኝ።"

"እሑድ ድረስ" አለ አቶ ጌታነህ፣ ቁልፉንም አንስቶ ኪሱ ከተተ።

እኔ ቁጥሩ የተጻፈበትን እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ቆሜ ነበር። ቤት ገብቼ ቁጥሩን ከእጄ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። እማማ ጽጌ ከአልጋቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣

"ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"የቧንቧው ግፊት ከፍ ብሎ ነበር።"

"ማን ለካው?"

"እኔ።"

"ስንት ሆነ?"

"አሥራ ሁለት።"

"ይኼማ ምንም አይደል። የኔ መቶ ሰማንያ ነው" አሉ፣ ኮራ ብለው። ከዚያ ክርናቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። "ታዲያ ለሰይድ ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

"ውይ! የኔን የለካችው ልጅ አፍራ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን አፈር አልለበስኩም? ለክቶ ዝም ይባላል?"

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቦዩ ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ አዲሱን መገጣጠሚያ እያቀለጠ ነበር፤ ያ ሽታ ሸለቆውን ሞልቶታል። ደብተሬን ዘረጋሁለት። እጁን በሽርጡ ጠረገና "አንቢልኝ" አለ።

"እሑድ። ሁለት ሰዓት ተኩል። አሥራ ሁለት ባር፣ ትንሽ ከፍ ይላል።"

"ቦኖው?"

"ተቆልፎ ነበር።"

"የላይ ሰፈርስ?"

"እነሱም ቤተ ክርስቲያን ናቸው።"

መሬት ላይ ተቀመጠ። "አይሆንም። ቧንቧውን የዘረጉት ሰዎች ቁመቱ መቶ ሜትር አይሞላም ነው ያሉኝ።" ቧንቧው ላይ በነጭ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረገው። እኔም አነበብኩት፤ አሥር ይላል። "ይኼ የሚችለው አሥር ባር ነው። አሥራ ሁለት ከሆነማ…" ብድግ አለ። "ነይ፣ በውሃ ልክ እንለካዋለን።"

ውሃ ልክ ሲል ውሃውን በሊትር ልንሰፍር መስሎኝ ጄሪካኔን ይዤ መጣሁ። ያመጣው ግን ያንኑ ቀጭን ጎማ ነው፤ ርዝመቱ ብዙ ነው፣ ውስጡ ውሃ አለ። እኔ አንዱን ጫፍ ከማጠራቀሚያው ውሃ እኩል አድርጌ እይዛለሁ። እሱ ሌላውን ጫፍ ሁለት ሜትር በሆነ ዘንግ ላይ አስሮ ይወርዳል። የሁለታችን ውሃ እኩል ስለሚቆም፣ የእሱ ውሃ ከዘንጉ አናት ላይ ሲደርስ ሁለት ሜትር ወረድን ማለት ነው። እኔ እሱ የቆመበት እወርዳለሁ፣ እሱ ደግሞ ወደ ታች። መጀመሪያ ቀን እርምጃዬን ስቆጥር ሰምቶ፣

"እርምጃሽን ተዪው፣ ውሃ መንገድ አይቆጥርም፤ ቁመት ነው የሚቆጥር" አለኝ።

በእያንዳንዱ ሁለት ሜትር አንድ የተቆላ ባቄላ ከግራ ኪሴ ወደ ቀኝ ኪሴ አደርግ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቦኖው ጋ ደረስን። ቀኝ ኪሴን ገልብጬ ቆጠርኩ።

"ስልሳ አንድ።"

"አላህ ይባርክሽ። እንግዲህ ስልሳ አንድ ጊዜ ሁለት…"

"ስልሳ ሁለት ነው" አልኩ። ጆሮዬ ጋለ። "አንዷን በልቻታለሁ።"

"ከቀኙ ኪስ?"

"ከቀኙ።"

ዘንጉን ተደግፎ ሳቀ። ከዚያ በእንጨት አፈሩ ላይ ጻፍን። ስልሳ ሁለት ሲባዛ በሁለት፣ መቶ ሃያ አራት ሜትር። ለአሥር ሲካፈል፣ አሥራ ሁለት ባር ከትንሽ። በዚያ እሑድ ቀስቱ የቆመባት ቦታ ናት። ማንም ያላየውን ከፍታ በኪሴ ባቄላ ቆጥሬ ያንኑ ቁጥር ማግኘቴን ደጋግሜ አየሁት። እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

"ታዲያ በሌላው ቀን ለምን ሰባት ይሆናል?" አልኩ።

"ሰው እየቀዳ ነዋ። ውሃ ሲሄድ ከቧንቧው ጋር እየተሻሸ ጉልበቱን መንገድ ላይ ይጨርሳል። ሁሉ ሲዘጋና ቀጥ ሲል ግን ያ ሁሉ ቁመት…" ንግግሩን አቋረጠ። ፊቱ ተለወጠ። "እሑድ እናንተ ዘግታችሁ ትሄዳላችሁ። እኔ እንደ ሌላው ቀን በጠዋት ወጥቼ እከፍታለሁ። ሮጬ ስወርድ ፈንድቶ አገኘዋለሁ። ወላሂ፣ የሰበርኩት እኔ ነኝ።"

"አላወቅክም ነበር" አልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰፈሩ ቦኖው ዙሪያ ተሰበሰበ። ጋሽ ሰይድ ጥገናውን ጨርሶ ዕቃውን በማዳበሪያ ቋጥሮ አጠገቡ አቁሟል።

"ያየችው ልጅቷ ናት፤ እሷ ታስረዳችሁ" አለ።

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደብተሬ እጄ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ ይታዩኛል፤ ድምፅ ግን የለኝም።

"ተናገሪ እንጂ!" አለ አቶ ጌታነህ። "ምነው፣ ዱዳ ነሽ እንዴ?"

መናገር ሲያቅተኝ ወደ ቦኖው ሄድኩ። አቶ ጌታነህ ከላይ ቫልቩን አስከፍቶ ስለነበር የቦኖው አራት ቧንቧዎች ሁሉ ይፈሱ ነበር። አቶ ጌታነህን በጣቴ ወደ ጌጁ ጠቆምኩትና በጭንቅ አንድ ቃል አወጣሁ።

"ያንብቡት።"

ጎንበስ አለ። "ሰባት።"

አንዱን ዘጋሁ። ሁለተኛውን ዘጋሁ። "ስምንት" አለ በዚያ ትልቅ ድምፁ። ሦስተኛውንና አራተኛውን ዘጋሁ። ጋሽ ሰይድ ጋቢውን አውለበለበ፤ የላይ ሰፈር ቦኖ ላይ የቆመችው እናቴም ዘጋች።

"ዘጠኝ… አሥር…" ሰዉ ወደ ጌጁ ተጠጋ። "ኧረ ይሄዳል! አሥራ አንድ…" ድምፁ ቀጠነ። ባለፈው ፈንድቶ የነበረው ቦታ ላይ የቆሙት ሴቶች ጄሪካናቸውን እያነሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

"ክፈቺው፣ ብርቄ!" አለ ጋሽ ሰይድ።

አራቱንም ከፈትኩ። ቀስቱ ወደቀ። አቶ ጌታነህ ከጎነበሰበት ቀና አላለም።

"ማንም አልሰበረውም ማለት ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ሰብረነዋል እንጂ" አለ ጋሽ ሰይድ። "እናንተ ከታች ስትዘጉ፣ እኔ ከላይ ስከፍት።"

እማማ ጽጌ በምርኩዛቸው ተደግፈው ከኋላ ቆመው ነበር። "ግፊት አለበት ስትል አልሰማችሁም? እንደኔው ነው። አታናድዱት!" አሉ። የሳቀው ሰው ብዙ ነው፤ መጀመሪያ የሳቀው ግን ጋሽ ሰይድ ነበር።

እዚያው እያለን ተወሰነ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ ቁመቱን ለሁለት ከፍሎ ግፊቱን የሚሰብር ሌላ ገንዳ እስኪሠራ፣ እሑድ እሑድ ቫልቩ የሚከፈተው ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ብቻ ይሆናል። አቶ ጌታነህ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ክሩን በጣቱ እየጠመዘዘ መሬት መሬት አየ።

"ታዲያ እሑድ ጠዋት ማን ይጠብቅልናል?" አለ። "ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነን።"

ቁልፉን የያዘው እጁ ግን ወደ ጋሽ ሰይድ ተዘርግቶ ነበር። ይህም ጥያቄ አለመሆኑ በዚህኛው ጊዜ ማንም እጄን ሳይዘኝ ገባኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ከሁሉ ቀድሜ ወጥቼ ደብተሬን ይዤ ቦኖው ጋ ቆምኩ። ነጠላ የለበሰው ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ በር እየነጣ ሲወጣ፣ የአቶ ጌታነህ ድምፅ ሸለቆውን ሞላው።

"ሰይድ! ወጥተናል፣ ክፈት!"

ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው አጠገብ፣ ቀጭን ድምፅ መለሰ። "ቢስሚላህ!"

ቧንቧውን እጄ ሥር አንድ ጊዜ አሳለው፤ አየር ተፋ። ከዚያ ውሃው መጣ።